ምዕራፍ 7፦ ከሞረዱ በፊት

የአደን ጠመንጃ አፈሙዝ መጠገን ሊማር የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ቀን የሚያሳልፈው መስኮት ፊት ቆሞ ነው። ሞረድ አይሰጡትም፤ መዶሻም አያስነኩትም። ከሰደፉ የተነቀለ አሮጌ ባለ ሁለት አፍ አፈሙዝ ያስጨብጡትና፣ ዘይቱን በጨርቅ ጠርጎ፣ አንዱን ጫፍ ወደ ብርሃኑ አቅንቶ፣ በሌላው ጫፍ አሾልቆ እንዲያይ ያዙታል። "ምን አየህ?" ሲሉት አብዛኛው ጀማሪ የሚመልሰው አንድ ነው፤ "ምንም፤ ያብረቀርቃል።"

ያብረቀርቃል ያለ ሰው ገና አላየም። ነገሩ ወዲህ ነው። ሾትገን የሚባለው የአደን ጠመንጃ አፈሙዝ እንደ ምንሽር በውስጡ የተጠማዘዘ ቦይ የለውም፤ ልሙጥ ሆኖ እንደ መስታወት የተወለወለ ቱቦ ነው። (በዚህ ምዕራፍ አፈሙዝ ስል ጫፉን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ጥይት ከሚጎርስበት ጀምሮ እስከ ጫፉ ያለውን ቱቦ በሙሉ ነው።) ቱቦውን ከመስኮቱ አግዳሚ እንጨት ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ አድርገው ሲይዙት የእንጨቱ ጥላ በቱቦው ግድግዳ ላይ ረዥም ጥቁር መስመር ሆኖ ይዘረጋል። ቱቦው ደህና ከሆነ መስመሩ ሳይነቃነቅ ወደ ጫፉ ይሄዳል። በደጅ ወድቆ፣ ከመኪና በር ጋር ተጋጭቶ የሰረጎደ ቦታ ካለው ግን መስመሩ እዚያች ነጥብ ላይ ይሰበራል፤ የረጋ ውኃ ላይ ጠጠር ሲወድቅ የዛፍ ጥላ እንደሚሰበር ማለት ነው። ተለማማጁ ቱቦውን በጣቶቹ ቀስ እያለ ያዞራል፤ ጥላውም ግድግዳውን እየዳበሰ አብሮ ይዞራል። ከአንድ ሳምንት በኋላ በእጅ ቢዳሰስ የማይታወቅ ስርጉድ በዓይኑ ይይዛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የበርሚንግሃም አፈሙዝ አቅኚዎች ኑሯቸውን ያቆሙት በዚችው ጥላ ነበር፤ የተጣመመውን ቱቦ በመዶሻ ያቀኑ የነበረው ሌላ መሣሪያ ሳይኖራቸው መስኮቱን እያዩ ነው።

እኔ ይህንን ሙያ ለመጽሐፌ የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ የእጅ ሙያ እጅን በማሠልጠን ይጀምራል፤ ይህኛው እጅን በማሰር ይጀምራል።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ቁጥር ያስፈልጋል። "12 ቁጥር" የሚባለው በጣም የታወቀው የሾትገን ልክ ስሙን ያገኘው ከሚሊሜትር ወይም ከኢንች አይደለም። አንድ ፓውንድ እርሳስ ወስደህ 12 እኩል ድቡልቡል ጥይት ብትሠራበት፣ የአንዱ ድቡልቡል ስፋት የቱቦው ስፋት ነው፤ ወደ 18.5 ሚሊሜትር ይመጣል። በ20 ከከፈልከው ድቡልቡሉ ያንሳል፤ ቱቦውም ይጠብባል። ቁጥሩ ሲያድግ ጠመንጃው የሚያንሰው በዚህ ሒሳብ ነው። እንግዲህ አፈሙዙ ጥይት በሚጎርስበት በኩል ወፍራም ነው፤ የባሩዱ ግፊት የሚያይለው እዚያ ነውና። ወደ መካከሉና ወደ ጫፉ ሲሄድ ግን እየሳሳ ይመጣል፤ ወፍ የሚከተል ጠመንጃ ከክንድ ጋር በቀላሉ መዞር አለበት። በጥሩ የእንግሊዝ ጠመንጃ ላይ ቀጭኑ ቦታ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያዎቹም ከዚያ በታች የወረደውን በጥርጣሬ ያዩታል። ኪስህ ውስጥ ያለው የባንክ ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ነው። ፊትህ አጠገብ ይዘህ የምትተኩሰው ብረት ከባንክ ካርድ ሊሳሳ ይችላል ማለት ነው።

ሞረድ ደግሞ የሚያውቀው መቀነስ ብቻ ነው። የዝገት ፈንጣጣ ያበላሸውን ቱቦ ከውስጥ ብትወለውለው ይሰፋል፤ ጭረቱን ለማጥፋት ከውጭ ብትሞርደው ይሳሳል። ሁለቱም ያሳምሩታል፤ ሁለቱም ከዚያችው ግማሽ ሚሊሜትር ላይ ይበላሉ። ስለዚህ ተለማማጁ ከመስኮቱ ሲነሳ የሚሰጠው ሁለተኛ መሣሪያ መለኪያ ነው። አንዱ የቱቦውን የውስጥ ስፋት ይለካል፤ ሌላው አፈሙዙ እንደ ምሰሶ በቆመ ረዥም ዘንግ ላይ ተሰክቶ የግድግዳውን ውፍረት በየጣት ርቀቱ የሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ ነው። ልኩን በወረቀት ላይ ይጽፋል። ከጥገናው በኋላ ደግሞ ይለካል፤ ደግሞ ይጽፋል። ወረቀቱን የማይወድ ተለማማጅ በዚህ ሙያ ብዙ አይቆይም፤ ባይቆይም ይሻላል።

ሙያው ከየት እንደሚገኝ ላንሳ። በበርሚንግሃም የጠመንጃ ሠፈርና በለንደን ሥራው ከጥንት ጀምሮ የተሸነሸነ ነው፤ ቱቦ ቀጥቃጩ ሌላ፣ ውስጡን ሠርሳሪው ሌላ፣ አቅኚው ሌላ፣ ሞራጁ ሌላ፣ ቀለሙን የሚያወጣው ሌላ። በለንደን እ.ኤ.አ. ከ1814 ጀምሮ በሚሠራው በፐርዲ ጠመንጃ ሠሪ ቤት እስከ ዛሬ አፈሙዝ ሠሪውና ሰደፍ ሠሪው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ተለማማጅነቱም ወደ 5 ዓመት ይወስዳል። ትምህርት ቤት የመጣው በኋላ ነው፤ በኦስትሪያ ፈርላክ እ.ኤ.አ. በ1878፣ በቤልጅየም ሊዬዥ በ1897፣ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ትሪኒዳድ ከተማ በ1947። ሊዬዥ ለእኛ ባዕድ አይደለችም። አያቶቻችን "ቤልጅግ" እያሉ የሸለሉበት ጠመንጃ የመጣው ከዚያች ከተማ ጎን ካለችው ከኧርስታል ነው።

ወደ ሥራ ጠረጴዛው እንመለስ። የመጀመሪያው እውነተኛ ጥገና ስርጉድን ማንሳት ነው። የጋራዥ ባትላሜራ የሰረጎደ በር ሲያመጡለት የሚያደርገውን ሁላችንም አይተናል፤ ከውስጥ ይገፋል፣ ከውጭ ይመታል፣ የቀረውን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ይቀባል። አፈሙዝ ላይ ስቱኮ የለም። ከውስጥ የሚገፋው የቱቦውን ልክ የያዘ የብረት ወይም የነሐስ ውታፍ ነው፤ በዘይት ተነክሮ ይገባና ከስርጉዱ ሥር ይቆማል፤ ከዚያ በብሎን ወይም በዘይት ግፊት በጥቂቱ እንዲያብጥ ይደረጋል። ከውጭ ደግሞ በቀላል የመዳብ ወይም የነሐስ መዶሻ ይመታል። መዶሻው ከብረቱ መለስለስ አለበት፤ አለዚያ አንዱን ስርጉድ ሲያወጡ ሌላ ይተክላሉ። የሚመታውም የስርጉዱ መካከል ሳይሆን ዳርዳሩ ነው። ብረቱ ሲሰረጉድ ዙሪያው ቀለበት ሠርቶ ይጨበጣል፤ ያንን ጭብጥ ሲያፍታቱት መካከሉ ከሥር ያለውን ውታፍ ተከትሎ ራሱ ይነሳል።

ጀማሪው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ችኩል ነው። ውታፉን አንድ ዙር መጨመር ሲገባው ሦስት ይጨምራል፤ ስርጉዱ ያልፍና ወደ ውጭ ጉብ ይላል። አሠልጣኙ ዞር ሲል ጉብታውን በሞረድ ይጠርገዋል። ከውጭ ሲያዩት ጥሩ ነው፤ በጣት ሲዳስሱት ልሙጥ ነው፤ መስኮቱ ፊትም ጥላው አይሰበርም። የሚያጋልጠው ባለ መርፌው መለኪያ ነው፤ እዚያች ቦታ ላይ አፈሙዙ እንደ ቆርቆሮ ሳስቷል። የተጠገነ የሚመስል፣ ግን ከተሰረጎደው የባሰ አፈሙዝ የሚወለደው እንዲህ ነው። በጥሩ ማሠልጠኛ ለዚህ ልምምድ የሚሰጡት ቱቦዎች ሆን ተብለው የተሰረጎዱ የማይተኮስባቸው አሮጌዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ተለማማጁ ካበላሻቸው በኋላ ለሁለት ተሰንጥቀው ውስጣቸውን ያያል። የራሱን ጥፋት ከጎን ተቆርጦ ያየ ሰው አሠልጣኙ ብዙ ማውራት አያስፈልገውም።

የስርጉድ ተቃራኒ እብጠት ነው። እብጠት ከውጭ ግጭት አይመጣም፤ ከውስጥ በተዘጋ ነገር ይመጣል። ጭቃ፣ በረዶ፣ የተረሳ የማጽጃ ጨርቅ፣ በቂ ግፊት አጥቶ መንገድ ላይ የቀረ የጥይት ውታፍ። በዚህ ሁሉ ላይ የሚተኮሰው ባሩድ መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ይገፋል፤ እድለኛ የሆነ ቱቦ ቀለበት የመሰለ እብጠት ይዞ ይተርፋል። ከሁሉ የከፋው ግን የሁለት ቁጥሮች መደባለቅ ነው። 20 ቁጥር ጥይት በስህተት 12 ቁጥር ጠመንጃ ውስጥ ሲገባ ማጉረሻው አይይዘውም፤ ተንሸራትቶ ቱቦው መጥበብ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ይቀረቀራል። አዳኙ ቃታውን ይስባል፤ አይተኩስም። ይከፍታል፤ ማጉረሻው ባዶ ነው። "ለካ አላጎረስኩም" ብሎ 12 ቁጥሩን ከኋላው ይጨምራል። ያኔ የሚሆነውን መግለጽ አያስፈልግም። ዛሬ በብዙ አገር የ20 ቁጥር ቀለህ ቢጫ የሚሆነው ለጌጥ አይደለም፤ ዓይን ከእጅ ቀድሞ እንዲለየው ነው።

ትንሽ የቀለበት እብጠት በሠለጠነ እጅ ይመለሳል፤ ቱቦው ውስጥ ልኩን የያዘ ዘንግ ገብቶ ከላይ ዙሪያውን እየተመታ። ግን ብረቱ አንዴ ተለጥጧልና ጥንካሬውን ማንም በዓይን ሊምልለት አይችልም።

ስለ ዓይን ብዙ ካልኩ ስለ ጆሮም ልበል። ገበያ ላይ ጀበና ወይም ማሰሮ የምትገዛ ሴት ጣቷን አጥፋ ታንኳኳዋለች፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ትገዛለች፤ ከታፈነ ትመልሳለች። አፈሙዝ ጠጋኙም ያንኑ ያደርጋል። ሁለቱ ቱቦዎች ጎን ለጎን የተያያዙት ከላይና ከታች በመካከላቸው በሚሮጡ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ነው፤ እንግሊዞቹ "ጎድን" ይሏቸዋል፤ እኔም ጎድን እላለሁ። ጎድኖቹ የተጣበቁት በስታኞ ነው፤ ሬዲዮ ጠጋኝ በሚጠቀምበት ዓይነት የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል። አፈሙዙን ከሥሩ ካለው የብረት ጉብታ በሽቦ አንጠልጥለህ ጣትህን አጥፈህ ብትመታው ጎድኖቹ ሙሉ በሙሉ ከያዙ እንደ ደወል ይጮኻል፤ ድምፁም ቆይቶ ይጠፋል። አንድ ቦታ ስታኞው ከለቀቀ ይንሿሿል ወይም ዱብ ብሎ ይሞታል። ይህንን ልዩነት በጽሑፍ ማስተማር አይቻልም። ሃያ ያህል አፈሙዝ አንጠልጥሎ መምታት ነው ያለው።

የለቀቀ ጎድን ደግሞ የድምፅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ባዶ ቦታ አለ፤ በዝናብ ቀን ውኃ ይገባበታል፤ መውጫ ስለሌለው ከውስጥ ሆኖ የቱቦዎቹን ውጫዊ ግድግዳ ይበላል። ባለቤቱ በየማታው የሚወለውለውና ዘይት የሚቀባው ጠመንጃ ማንም በማያየው በኩል ይዝጋል። ጎድኑን ነቅሎ እንደገና ማጣበቅ በዚህ ሙያ ውስጥ ተለማማጅን ከባለሙያ የሚለየው ፈተና ነው ብል አላጋንንም። አሮጌው ስታኞ ሙልጭ ተደርጎ ይጠረጋል። የሚጣበቁት ገጾች በአዲስ ስታኞ በስሱ ይለበጣሉ። ስታኞውን ከብረቱ ጋር የሚያስይዘው የዛፍ ሙጫ መሆን አለበት፤ አሲድ የተጠቀመ ሰው የማይታየውን ዝገት በራሱ እጅ ተክሎ ይዘጋበታል። ከዚያ ጎድኑ በቦታው ይቀመጥና አፈሙዙ በየጥቂት ጣት ርቀት በሽቦ ይጠፈራል፤ ከሽቦው ሥር ትንንሽ ሽብልቆች እየገቡ ጎድኑን ይጫኑታል። ሙቀቱ ሲሰጥ ከ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ ስታኞው መቅለጥ ይጀምራል፤ በስፌቱ ላይ ብልጭ ብሎ እንደ ብር ክር ሲሮጥ ይታያል። በዚያች ደቂቃ እጅ ከተንቀጠቀጠ ወይም አንዱ ጫፍ ቀድሞ ከቀዘቀዘ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ሌላም ስውር ነገር አለ። ሁለቱ ቱቦዎች ትይዩ አይደሉም። በኋላ በኩል ወፍራም ስለሆኑ መካከላቸው ይራራቃል፤ ወደ ጫፉ እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። ይህ ዝንባሌ የተሰላው ሁለቱም በ40 ያርድ፣ ማለትም ከ36 ሜትር ጥቂት አልፎ፣ አንድ ቦታ ላይ እንዲመቱ ነው። ጎድን ሲያጣብቅ ቱቦዎቹን በፀጉር ያህል ያፈናቀለ ሰው አንዱ ዓይን ወዲያ አንዱ ወዲህ የሚያይ ጠመንጃ ያስረክባል። ስለዚህ በኖራ የተቀባ ሰፊ ብረት በዚያው ርቀት ላይ ቆሞ ይተኮስበታል። የጫፉ ጥበትም የሚፈተነው እዚያው ነው። ጫፉ በ1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ሲጠብብ ከጥይቱ የእርሳስ ፍሬዎች 70 በመቶ ገደማው በ40 ያርድ ላይ 76 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ እንዲያርፍ ያደርጋል፤ በ1870ዎቹ የበርሚንግሃሙ ጠመንጃ ሠሪ ግሪነር ስሙን የተከለው ይህንን በማስፋፋት ነበር። የተሰነጠቀ ጫፍ ቆርጦ "ጠገንኩልህ" የሚል ሠራተኛ ይህችን ጥበት ነው ቆርጦ የጣላት።

ቀለሙ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንድ ጥፋት ብቻ ላስጠንቅቅ። አፈሙዝን የማጥቆሪያ አሮጌው መንገድ ሆን ብሎ ማዛግ ነው፤ ዘይቱ ተጠርጎ፣ የሚያዝግ ፈሳሽ ስስ ሆኖ ተቀብቶ፣ እርጥበት ያለው ሳጥን ውስጥ ያድራል። የወጣው ቀይ ዝገት በፈላ ውኃ ሲቀቀል ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ የላላው ብናኝ በቀጭን ሽቦ ይራገፋል። ይህ ስድስት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም አሥር ጊዜ ይደገማል፤ ሳምንት ይፈጃል። አዲሱ መንገድ በጋለ የኮስቲክ ጨው ገንዳ ውስጥ መንከር ነው፤ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ለነጠላ አፈሙዝ መልካም ነው። በስታኞ የተጣበቀ ባለ ሁለት አፍ አፈሙዝ ግን ገንዳው ውስጥ ከገባ ጨው ስታኞውን ይበላዋል። ሙቀቱ ስታኞ የሚያቀልጥ አይደለም፤ ወደ 140 ዲግሪ ነው፤ የሚበላው ኬሚካሉ ነው። አንዳንዱ እዚያው ገንዳው ውስጥ ይፈታል። የባሰው ደህና መስሎ የሚወጣው ነው፤ ጨው ከጎድኑ ሥር ገብቶ ለዓመታት እያለቀሰ ይኖራል። ሾትገን ከመስጠትህ በፊት ጠጋኙን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው፤ "በምን ታጠቁረዋለህ?" መልሱን ሰምተህ ወስን።

አሮጌ ዕቃ ደግሞ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ብዙ አፈሙዝ የሚሠራው "ደማስቆ" በሚባለው ስልት ነበር። የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች አብረው ይገመዳሉ፤ ተቀጥቅጠው ጥብጣብ ይሆናሉ፤ ጥብጣቡ በዘንግ ላይ ይጠመጠምና በእሳትና በመዶሻ ይያያዛል። መሶብ አይተሃል፤ አለላው እየዞረ እየዞረ ግድግዳ እንደሚሆን ማለት ነው። ጌጡ እጅግ ያምራል፤ ግን ቱቦው ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው፤ በስፌቱ ውስጥ ዝገት የት እንደተኛ ከላይ አይታወቅም። ተለማማጅ በእንዲህ ያለው ላይ እጁን እንዲያሳርፍ አይፈቀድለትም፤ ያሳርፍ ቢባልም እምቢ ማለት መቻሉ የሥልጠናው ክፍል ነው። አንዳንዱ ከተመረመረ በኋላ ተቆርጦ የማጉረሻው ክፍል ብቻ ይቀርና አዲስ የአረብ ብረት ቱቦ ይሰካበታል። በእንግሊዝ አገር እንዲህ የተሠራ አፈሙዝ መሆኑ በላዩ ላይ በግልጽ ይታተማል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አልቆም እንኳ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ጠጋኙ አይደለም፤ አሠልጣኙም አይደለም፤ መፈተኛ ቤቱ ነው። የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1637 በንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ቻርተር ተቋቋመ፤ የበርሚንግሃም የአፈሙዝ መፈተኛ ቤት በ1813 በፓርላማ ሕግ ተከፈተ፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ ይሠራሉ። አፈሙዙ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይታሰርና ከተለመደው የበረታ ጥይት ከሩቅ ይተኮስበታል፤ ከዚያ በዓይንም በመለኪያም ይመረመራል። ካለፈ ከሥሩ ባለው ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ማኅተም ይመታበታል፤ ከማኅተሙ ጋር የውስጡ ስፋት ይጻፋል። ከኋላው ጫፍ 23 ሴንቲሜትር ያህል ገባ ብሎ ሲለካ ከተጻፈው ሩብ ሚሊሜትር የሰፋ አፈሙዝ ማኅተሙ ቢኖርም እንደሌለው ይቆጠራል። በእንግሊዝ አገር ከ1868ቱ የአፈሙዝ ፈተና ሕግ ወዲህ እንዲህ ያለውን ሳያስፈትኑ መሸጥ ወንጀል ነው።

ስለዚህ ውስጡ የሰፋ፣ ቱቦው የተቀየረ ወይም ጥንካሬው የተነካ አፈሙዝ ተጠቅልሎ በርሚንግሃም ባንበሪ ጎዳና ወዳለው መፈተኛ ቤት ይላካል። ፈተናውን ካላለፈ አሮጌው ማኅተም ይሰረዛል። የፈነዳም እንደሆነ መፈተኛ ቤቱ ካሣ አይከፍልም፤ ኪሣራው የላኪው ነው። ለደንበኛው ስልክ ደውሎ "ና ውሰድ" የሚለው ጠጋኝ የሚደውለው አፈሙዙ ከዚያ ከተመለሰ በኋላ ነው።